ከአጎቴ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣ ደጀን

ባለፈው በስልክ «እንግሊዝ እንግሊዝ ትላለህ እንጂ ያለህበት ቀበሌ ምን አለው?» ብለው ስለ ጠየቁኝ በተራ እመልስልዎታለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሲሆን እነግርዎታለሁ።

መንደሩ ፍሬሽዎተር ይባላል። አይል ኦፍ ዋይት በሚሉት ደሴት ምዕራብ ጫፍ ላይ ነው። ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ስለሌለ ሰውም መኪናም በመርከብ ይሻገራል፤ 40 ደቂቃ ያህል፣ ሻይ እየጠጡ። ዓባይ በረሃን በጭነት መኪና ሲወርዱና ሲወጡ ላረጁት ለእርስዎ ይህ መንገድ አይባልም።

«ተራራስ አለው?» ላሉኝ፣ አለው ይሉታል። ከፍታው ከባሕር ወለል 147 ሜትር ነው። ደጀን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ አንድም ቀን ተራራ ነኝ አላለች! እነዚህ ግን የመውጫ ዱላ ይዘው፣ ውኃ አንግተው፣ ካርታ ዘርግተው ይወጡታል። ጫፉ ላይ ቴኒሰን ለሚባለው ባለቅኔያቸው ትልቅ የድንጋይ መስቀል አቁመውለታል፤ እዚሁ መንደር ይኖር ነበር። በየመንገዱ ዳር ያለው አግዳሚ ወንበርም ባዶውን አይቆምም፤ «ለእገሌ መታሰቢያ» የሚል የነሐስ ጽሑፍ ይለጠፍበታል። የሰው ተዝካር ላይ ቁጭ ብዬ ዳቦዬን መብላት መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ነፍስ ይማር ብዬ እበላለሁ።

«ወፍጮና ገበያስ?» ወፍጮ የለም፤ ዳቦው ተቆርጦ ነው የሚሸጠው። ሱቅ፣ መድኃኒት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና የመሰብሰቢያ አዳራሽ አለ። እኛ በኩንታል የምናውቀው ጤፍ እዚህ አገር በጤና ምግብ ሱቅ እንደ መድኃኒት በትንሽ ከረጢት ይሸጣል። ዋጋውን አልነግርዎትም፤ ጎተራው ላይ ዘበኛ ያቆማሉ።

ቤተ ክርስቲያን አላቸው። ቅድስት አግነስ የምትባለው ሣር ክዳን ናት! ድህነት እንዳይመስልዎ፤ እዚህ ሣር ከቆርቆሮ ይወደዳል። የእኛ ሰው ሣሩን አውርዶ ቆርቆሮ ለመምታት ስንት ዓመት እንደሚለምን ባሰብኩ ቁጥር እስቃለሁ። ግድግዳዋ ላይ 1694 የሚል ድንጋይ ስላለ ሰው ጥንታዊት ትመስለዋለች፤ ድንጋዩ ግን ከአሮጌ የገበሬ ቤት የመጣ ነው። የተሠራችው በ1908 ስለሆነ ከዓድዋ ድል በ12 ዓመት ታንሳለች። ጥንታዊው ሌላኛው ደብር ነው፤ አጠገቡ መጠጥ ቤት አለ። ከቅዳሴ ወደ ጠላ የሚወስደው መንገድ ከእኛም ያጥራል።

በምሠራበት መጦሪያ ያሉ አንዲት እመቤት «መንደራችን በ1086 መዝገብ ላይ ተጽፏል» ብለው ይኮራሉ። ንጉሥ ዊልያም ግብር ሊያስከፍል መሬቱን፣ ወፍጮውን፣ ማረሻውን ሳይቀር አስቆጥሮ ነው። እኔም በሆዴ «እኛ ዘንድ ቢሆን ቆጣሪው በሰላም አይመለስም» አልኩ። በእኛ 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ አምፆ ያደረገውን እርስዎ ያውቁታል።

የተማረም ወጥቶላቸዋል። ሮበርት ሁክ በ1635 እዚሁ ተወልዶ፣ ቁንጫን በማጉያ መነጽር አይቶ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ በትልቁ ሥሏታል። የእኛን ቁንጫ ያለ መነጽር ያገኛት ነበር።

አሁን የሚያሳዝነውን ልንገርዎ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከተሰዉ በኋላ በ1868 የሰባት ዓመቱን ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን እንግሊዞች ያመጡት ወደዚህ ነው። አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲ ነበር፤ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ያሉት። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ፎቶግራፍ አንሺ ሁለቱን የሐበሻ ልብስ እንደለበሱ አንሥታቸዋለች። ዲምቦላ የተባለው ቤቷ ዛሬ ሙዚየም ነው። ባሻ ፈለቀ በቁመቱም በጢሙም ፎቶውን ይሞላዋል፤ ልጁ አይስቅም። በ1879፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ላይ ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ። አጽሙ ለአገሩ ይብቃ ሲባል ቤተ መንግሥቱ በ2023 «የሌሎቹን አጽም ሳንነካ ማውጣት አይቻልም» ብሎ እንቢ አለ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፤ ቁንጫቸውን፣ ወንበራቸውን፣ የሰው ልጅ ሳይቀር መዝግበው የያዙ ሰዎች ናቸው። መመዝገቡን እንማርላቸው፤ የሰው ልጅ ማስቀረቱን ለእነሱ እንተውላቸው። የእኛስ? ከአሮጌው የዓባይ ድልድይ እስከ ጃፓኖቹ አዲስ ድልድይ ያዩት ሁሉ እርስዎ ራስ ላይ ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ ትልቁን ልጅዎን ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አጠገብዎ ያስቀምጡትና የበረሃውን መንገድ ታሪክ ይንገሩት፤ እሱ ይጻፍ። የደብተርና የእስክሪብቶ መግዣ ልኬያለሁ። አደራ፣ ለጠላ እንዳይውል።

ልጅዎ፣
ከፍሬሽዎተር