ደምና ወዝ

ደም መጣጭ ማለት በጨለማ መጥቶ መስቀል ሲያይ የሚሸሽ ፍጡር ለሚመስለው ሰው፣ የአሜሪካዊቷ ኦክታቪያ በትለር «ፍሌጅሊንግ» ግራ ያጋባዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ያሉት ደም መጣጮች፣ ኢናዎቹ፣ ጨዋዎች ናቸው። ሲመገቡ ሰው አይገድሉም። ጥቂት ጥቂት ነው የሚቀምሱት፤ አንዱን ብቻ እንዳያደርቁት ብዙ ባለሟል ያኖራሉ። ባለሟሉም ቤት አለው፣ ጤና አለው፣ ዕድሜው ይረዝማል። ደሙን ይሰጣል፣ ወዙን ያገኛል። እንዲህ ያለ ደመወዝ ከፋይ ከወዴት ይገኛል?

ፈቃድም አለ። የሚጠየቀው ግን ከተነከሱ በኋላ ነው፤ ያኔ የኢናዎቹ ምራቅ ከደም ስለሚዋሐድ እምቢ የሚል አንደበት አይተርፍም። ራይት የተባለው ወጣት መንገድ ላይ ያገኛትን ሾሪ የተባለች ኢና መኪናው ውስጥ ሲያሳፍራት ትነክሰዋለች። ምን እንደገባበት የሚረዳው ጣዕሙ ከገባው ወዲያ ነው። ሾሪ የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጅ ትመስላለች፤ ዕድሜዋ ግን 53 ነው። ከእሱ ጋር ያላት ግንኙነት አንባቢን ይቀፈዋል። ይቅፈፈው! በትለር እንዲጥመን አልጻፈችውም፤ ደግሞም ትንሽ የምትመስለው ናት ትልቁን የያዘችው።

ጌታ ሲሞት ደግሞ የሚሆነውን ተመልከቱ። ሌላ ቶሎ ካልነከሰው ባለሟሉም ይሞታል። የሾሪ አባትና ወንድም ሲገደሉ ባለሟሎቻቸው ብሩክና ሲሊያ ለእሷ ያድራሉ። መጀመሪያ ጠረኗ ያንገፈግፋቸዋል። ይለምዱታል።

ከሁሉ ያሳቀኝ ክርክሩ ነው። ሾሪ ስትፈጠር የጥቁር ሰው ዘር ስለተቀላቀለባት በቀን መንቀሳቀስ፣ ፀሐይን መቋቋም ትችላለች። ሲልክ የተባለው የኢና ቤተሰብ ዘመዶቿን ያስፈጀው ለዚህ ነው። በራሱ እጅ አይደለም ታዲያ፤ በነከሳቸው ሰዎች ነው፣ የሚያቃጥሉት ቤት ምን በደላቸው ቢባሉ መልስ በሌላቸው። የኢናዎች ጉባኤ ለፍርድ ሲቀመጥም የሲልኮች ወገን የሚሟገተው ደማችን ተበከለ እያለ ነው። ዕድሜ ልኩን የሌላውን ደም ሲጠጣ የኖረ ሁሉ ስለ ደሙ ጥራት ይናገራል! ቢመረመር የራሱ የሆነ ጠብታ ይገኝበት ይሆን?

ፍርዱስ? የሲልክ ቤት ፈርሶ ወንዶች ልጆቹ ለሌሎች ቤተሰቦች ተከፋፈሉ። ለሲልኮች የቆመችው ካትሪን ዳልማን ደግሞ የሾሪን ባለሟል ቴዎዶራን በማስገደሏ እግሮቿ እንዲቆረጡ ተወሰነባት። የኢና እግር ግን ተቆርጦ አይቀርም፣ ይበቅላል። ቅጣቱን አልቀበልም ብላ ሾሪ ላይ ተነሥታ ባትሞት ኖሮ፣ ጥቂት ታግሣ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር።