ሁለት እድር ለአንድ ሬሳ

ስልክ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ «እንደምን ነህ?» ከማለቱ በፊት «አሁን የትኛው ቤት ነህ?» ይለኛል። ከጤናዬ ይልቅ አድራሻዬ የሚያሳስብ ሰው ሆኛለሁ። የዓመቱን ግማሽ አዲስ አበባ ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ግማሹን ደግሞ ላሊበላ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ ባለቤቴ ከአባቷ በወረሰችው ቤት። ጡረታ ስወጣ ወዳጆቼ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለው መከሩኝ። ተከልኩ። እነዚሁ ወዳጆቼ አሁን ሲያገኙኝ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይሉኛል። በአገራችን የማስጠንቀቂያው ተረት የሚመጣው ሰውየው ዛፉ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ቤቱ የድሮው የላስታ አሠራር ነው፤ ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ፣ በድንጋይ የተገነባ፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣ። ጥንት ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው ይኖርበት ነበር። የሣር ክዳኑን አማቴ በቆርቆሮ ቀይረውታል። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሥር የነበሩት እንዲህ ያሉ ቤቶች ቅርስ ናቸው ተብለው ባለቤቶቻቸው ወደ ኩራኩር እንዲነሡ ሲደረግ፣ የእኛው ወደ ተራራው ጠጋ ያለ ስለሆነ ተረፈ። ለእነዚያ ጎረቤቶቻችን ሁለተኛ ቤት የመጣው በደብዳቤ ነው፤ እኔ ለምኜ ያገኘሁትን እነሱ ሳይጠይቁ ታዘዙት።

ቁልፉ እማሆይ ዘንድ ነው። እማሆይ ግድግዳ የምንጋራቸው ያህል ቅርብ የሆኑ ጎረቤት ናቸው፤ ለባለቤቴም በእናቷ በኩል ይዘመዷታል። «ሰው ያልገባበት ቤት ይፈርሳል» ብለው አጥብቀው ያምናሉ። ስለዚህ እንዳይፈርስ ሰው ያስገቡበታል። ከታች የእሳቸው ገብስ፣ የእህታቸው ጌሾ፣ የማን እንደሆነ እስካሁን ያልተጣራ አንድ ኩንታል ባቄላ ነበር። ከላይ አንዳንዴ ከገጠር ለትምህርት የመጣ ልጅ፣ አንዳንዴ ሐኪም ቤት ሊታከም የመጣ ዘመድ ያድራል። አንድ ጊዜ ማታ ደረስንና አልጋችን ሥር ዶሮ ታቅፋ አገኘናት። ላወጣት ስል እማሆይ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ልትፈለፍል ሦስት ቀን ነው የቀራት። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለህ ተኛ።»

ጠጋ ብዬ ተኛሁ። ከጀሞ ድረስ የመጣሁት የዶሮ አራስ ልጠይቅ ይመስል ሦስት ቀን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ከረምኩ።

እኛ በሌለንበት ቤታችን ምን እንደሚሠራ የነገሩኝ ግን አሸተን ማርያም ያሉ አንድ አባት ናቸው። አሸተን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሥራዋን ቅዱስ ላሊበላ ጀምሮት ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ እንደፈጸመው ይነገራል። አዲስ አበባም ላሊበላም ከፍታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ጀሞ ደረጃ የለመደ ሳንባ የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። በቅሎ የሚያከራዩት ልጆች ይህንን ያውቃሉ፤ ለፈረንጅ አንድ ዋጋ፣ ለአገሬው አንድ ዋጋ አላቸው። እኔን ሲያዩ ይቸገራሉ። «አማቻችን» ይሉኝና ዋጋውን በሁለቱ መካከል ይጠሩታል። ተቆጥቼ በእግሬ እጀምራለሁ፤ እነሱም በቅሎዋን እየሳቡ፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ከኋላዬ ይከተላሉ። እስከ ዳገቱ አጋማሽ ዋጋው አይቀንስም፤ እዚያ ስንደርስ ይጨምራል።

ታዲያ ላይ ደርሼ በዓለቱ ጠባብ መተላለፊያ ሾልኬ ስወጣ እኚህ አባት መስቀል አሳልመውኝ፣ ከተማውን ቁልቁል እያመለከቱ፣ «ባለፈው ሳምንት መጥታችሁ ነበር አይደል? ከቤታችሁ ጭስ ሲወጣ አየሁ» አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ጀሞ ውኃ በፈረቃ ጠብቄ ሮቶ ስሞላ ነበር። «አይ አባ፣ እኛ አልነበርንም።» «እንዴ! ጭሱ እኮ የድግስ ጭስ ነው።» ወርጄ እማሆይን ስጠይቃቸው አልካዱም። የእህታቸው ልጅ ክርስትና ነበር። «ሰፊ ቤት ያላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ደግሞ በስማችሁ ነው የተመረቅነው፤ ምርቃቱ ደርሷችኋል» አሉኝ። ምን ይባላል?

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ገና ነው። ለልደት በዓል ሕዝበ ክርስቲያኑ ከዋግ፣ ከጋይንት፣ ከየት የማይመጣ አለ፣ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ላሊበላ ይገባል። ከተማውም እንግዳ ተቀብሎ እግር ያጥባል፣ ያበላል፣ ያሳድራል። ደግ ወግ ነው። ባለቤቴ ልጆቻችንን ይዛ ልትከተል ቀድሜ ሄድኩ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሚኒባስ ይዤ አመሻሽ ላይ በሬ ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ደረጃው ላይ ሆነው ተቀበሉኝ።

«ይግቡ፣ ይግቡ! እንግዳ ውጭ አይቆምም። ከየት ነዎት?»

«ከአዲስ አበባ።»

«ውይ ሩቅ! ስንት ቀን ፈጀብዎት?»

በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል እንደሆነ ነገርኳቸው። ሽማግሌው በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እግሬ ታማሚ ነው ብለው ሳይገምቱ አልቀሩም። ወዲያው አንዲት ልጅ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዛ መጣችና ጫማዬን አውልቂ ሳልላት አወለቀችው። ተቀምጬ ያልደከመውን እግሬን እየታጠብኩ ሳለሁ ሳፋውን አወቅሁት፤ ባለቤቴ ከመርካቶ የገዛችው ነው። ልጅቷ ጭንቀቴን ከፊቴ አንብባ አጽናናችኝ።

«ማደሪያ አያሳስብዎት አባቴ። የቤቱ ባለቤቶች ደጎች ናቸው አሉ። አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ አይመጡም።»

«አይመጡም፤ አውቃቸዋለሁ» አልኳት።

ጾሙ ስላልተፈታ ሽሮና ቆሎ ቀረበልኝ። ሌሊቱን ከደርዘን ሰው ጋር በአንድ ደርብ ተኛን፤ አልጋዬ ላይ የተኙት አንዲት ከሰቆጣ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ለእሳቸው መነሣት የሚገባኝ እኔ ነኝና ደግ ተደረገ። ሲነጋ ካህናቱ ገሚሱ ማሜ ጋራ ላይ፣ ገሚሱ ከታች በቤተ ማርያም ቅጥር ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲቀባበሉ፣ በሰዉ ብዛት መተንፈስ ሲያቅተኝ፣ ቦታ ይዘው በምልክት የጠሩኝ እነዚያው የቤቴ እንግዶች ነበሩ። ወይም እንግዳቸው እኔ ነበርኩ። እማሆይ እውነቱን የነገሯቸው እነሱ ስንቃቸውን ቋጥረው ሊነሡ ሲሉ ነው፤ ሽማግሌው ስቀው «ታዲያ ቤትዎ ጥሩ ቤት ነው፤ ደጋግመው ይምጡ» አሉኝ።

ለነገሩ ላሊበላ ራሷ ለኢየሩሳሌም ሁለተኛ ቤት እንድትሆን የታነጸች ናት ይባላል። ጎልጎታ አላት፣ ደብረ ዘይት አላት፤ በመሃሏ የሚያልፈውም ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል። ዮርዳኖስ እንኳ በሁለት አገር ቤት ካለው እኔ ምን አደረግሁ? አዲስ አበባስ ብትሆን? እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. የእንጦጦን ብርድ ትተው ፍል ውኃ ወረዱ፤ ቦታው ማረካቸው፤ ቤት ይሠራልኝ አሉ። ዐፄ ምኒልክም ሠሩላቸው። ቀስ በቀስ መኳንንቱ በዙሪያቸው ሰፈሩ፤ ዋናው ቤት ከላይ ቀረ፣ ማረፊያው ዋና ከተማ ሆነ። ይህንን ለባለቤቴ ማስረጃ አድርጌ ባቀርብላት፣ «እቴጌይቱ ሲወርዱ አገሩ ተከትሏቸው ወረደ፤ አንተን የሚከተልህ የመብራት ሒሳብ ነው» አለችኝ።

አንድ ቀን ላሊበላ ላይ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ሞከርኩ። ጸሐፊው ወጣት መሸኛ ጠየቀኝ። መሸኛ ማለት ጀሞን ለቅቄአለሁ ማለት ነው። አልለቀቅሁም።

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እኖራለሁ።»

«እዚያስ?»

«እኖራለሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባቴ፣ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ የሚገኘው ጻድቅ ሲሆን ነው። እሱንም ገድል ላይ እንጂ መዝገብ ላይ አንጽፈውም።»

ይህ ሁሉ ሳቅ የቆመበት ጊዜም ነበር። በኮሮና ጎብኚ ጠፋ፤ አስጎብኚው፣ ባለሆቴሉ፣ በቅሎ አከራዩ ሥራ ፈታ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ገባ፤ መብራቱም ስልኩም ተቋረጠ። ያን ጊዜ ጀሞ ሆነን ስለ ቤት አላወራንም። የምንጠያየቀው እማሆይ በሕይወት አሉ ወይ ብቻ ነበር። መንገድ ተከፍቶ ስንሄድ የመጀመሪያ ቃላቸው «ባቄላው ተበልቷል፤ ይቅር በሉን» ሆነ። ማን እንደበላው አልጠየቅንም፤ የማን እንደነበረ እንኳ ያኔም አላወቅንም።

አሁን የሚያከራክረኝ የሞቴ ጉዳይ ነው። ጀሞ እድር አለኝ፤ ላሊበላ ደግሞ ቅሬ ገብቻለሁ። ሁለቱም ጋ መዋጮ እከፍላለሁ፤ ሁለቱም ጋ ቀብር ሲኖር የለሁም፤ ስለዚህ ሁለቱም ይቀጡኛል። ሰው የሚሞተው ሁልጊዜ እኔ በሌለሁበት ቤት በኩል ነው። ባለፈው የጀሞው እድራችን ጸሐፊ ቅጣቴን ሊቀበሉ መጥተው፣ ቡና እየጠጡ፣ ነገሩን አንሥተው መረመሩት።

«ጋሼ፣ አይበለውና እዚህ ቢያልፉ ድንኳኑ የእኛ ነው። እዚያ ከሆነ የእነሱ። ይሄ ግልጽ ነው።»

«ግልጽ ነው።»

«ግን በአውቶቡስም ይሄዳሉ አይደል? ደሴ እያደሩ? እዚያ ቢሆንስ?»

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። «እንግዲህ ደሴም ልግባ?» አልኩ ለቀልድ።

ጸሐፊው አልሳቁም። መዝገባቸውን ገልጠው አንድ ስልክ ቁጥር ፈልገው ጻፉልኝ። «የባለቤቴ ወንድም ናቸው፤ ሰልስቱን ጭምር አሳምረው ነው የሚያወጡት። መመዝገቢያቸውም ከእኛ ይረክሳል» አሉኝ፣ ቅጣቱን ቆጥረው ኪሳቸው እየከተቱ።