ከአዳራሹ በር ውጭ፦ በካርቱም የቼዝ ወላጅ ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ስለ ቼዝ አከፋፈትና አዘጋግ የተጻፈው መጽሐፍ ቤት ይሞላል። ልጁን ይዞ ወደ ውድድር የሚሄደውን ወላጅ ግን እስካሁን ከጠጠር የቆጠረው የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን በአቅሙ ለመድፈን ይሞክራል። የጥናቱ ሜዳ ካርቱም ናት፤ የሚጠናው ደግሞ ደይም ሰፈር የሚኖረው ሐበሻ አባት። ዘመኑ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፊት ነው፤ በዚያ ቀን የጀመረው ጦርነት በከተማዋ ላይ ያደረሰው ለሽሙጥ አይሆንም።

የመጀመሪያው ግኝት ሰዓትን ይመለከታል። ሱዳን በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። አባትየው የሳሎኑን ሰዓት አልነካውም፤ አዲስ አበባ ለመደወል ይመቸዋል። ስለዚህ ለሦስት ሰዓት በተጠራ ውድድር ላይ በሁለት ሰዓት ይገኛል። ሐበሻ ከቀጠሮው ቀድሞ ሲደርስ በጥናት የተመዘገበው ይህ ብቻ ነው።

ቀኑ ዓርብ ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። አባት፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጁ፣ ምሳ ዕቃና ማታ ፍሪዘር ውስጥ አድሮ ድንጋይ የሆነ የሃይላንድ ውሃ በአንድ ረክሻ ይጓዛሉ። ውሃውን የሚይዘው አባት ነው። ምክሩንም እንዲሁ።

አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ እንደተቀመጡ ዳኛው «ያ ጀማዓ፣ በራ!» ይላል። ወላጆች ይውጡ ማለቱ ነው። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ ተመልካች በጨዋታ ጣልቃ አይገባም፤ የገባን ዳኛው ከአዳራሹ ሊያባርረው ይችላል። እናቶች ቶሎ ይወጣሉ። አባቶች የጫማቸውን ክር ለማሰር ያጎነብሳሉ። በነጠላ ጫማ የመጣም ሲያጎነብስ ታይቷል።

ይህን አለመውጣት አንዳንዶች ሥርዓት ማጣት ይሉታል። አጥኚው አይስማማም፤ ነገሩ የዘር ነው። አያቶቻችን የተጫወቱት ሰንጠረዥ ሌላ ሕግ ነበረው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ ጨዋታው የሚጀምረው በወረራ ነው፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም የቻሉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። በዙሪያው የቆመውም ሰው ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ያደንቃል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሰዓሊ ጋር ተጫውተዋል፤ እቴጌ ጣይቱም በሰንጠረዥ የታወቁ ነበሩ። በእነዚያ ጨዋታዎች «ተመልካች ውጣ» ያለ ዳኛ ኖሮ ቢሆን መጀመሪያ የሚወጣው ራሱ በሆነ ነበር። እንግዲህ ልጅቷ ውስጥ ቼዝ ስትጫወት፣ አባቷ ውጭ ሰንጠረዥ እየተጫወተ ነው። ጠቡ የሁለት ሕግ ጠብ ነው።

ከበሩ ውጭ ምክር የሚተላለፈው በመስኮት ሲሆን መሣሪያው ሳል ነው። አጭር ሳል፣ «ፈረሱን»። ረዥም ሳል፣ «ኧረ ንግሥቲቱን እያስበላሽ ነው!»። ጉሮሮ ጠረጋ ደግሞ፣ «ሰዓቱን ምቺ»። የካርቱም አቧራ ለሳል ምክንያት ስለማያሳጣ ዳኛው የሚቀጣበት ማስረጃ የለውም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሰባት አባት በአንድ መስኮት ሲስል የማን ሳል ለማን ልጅ እንደሆነ አይለይም። አንዱ ልጅ በሌላው አባት ሳል ፈረሱን ነክቷል፤ የነካ ደግሞ ማንቀሳቀስ ግድ ነው። ሁለቱ አባቶች ከዚያ በኋላ ሰላምታ ተዘጋግተዋል።

የቀሩት ወላጆች ሲት ሻይ ዘንድ ይሰበሰባሉ። ባለሻይዋ የአገራችን ልጅ ናት፤ ከሰሉን እያራገበች፣ ባምበሩን፣ አጭሩን መቀመጫ፣ ወደ ጥላው እየገፋች፣ ዘላቢያ ታቀርባለች። ቼዝ አትችልም። ቢሆንም ከበሩ የሚወጣውን ልጅ አረማመድ አይታ፣ ወላጁ ሳይጠይቅ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚያስፈልገው ታውቃለች። አጥኚው ከእሷ የተሻለ የውጤት ምንጭ አላገኘም።

ያሸነፈ ልጅ አባት ጨዋታውን ከመጀመሪያው ያስረዳል፣ ያላየውን ጭምር። የተሸነፈ ልጅ አባት የወንበሩን ከፍታ ምክንያት ያደርጋል። ያልተጠናው አቻ ነው። በተጠቀሰው ዓርብ ልጅቷ በአንድ ወታደር እየመራች አቻ ተስማምታ ወጣች። አባትየው ሻዩን አስቀምጦ ተነሳ።

«እየመራሽ? ለምን ተስማማሽ?»

«ውሃ ጠማኝ አባዬ።»

ሃይላንዱ ብብቱ ስር ነበር፤ በረዶው ሟሙቶ ሸሚዙን እስከ ወገቡ አርሶታል።