ሦስት ዜሮ ምን አላት?

ሮቤ ሻይ ቤት ተቀምጦ የአገር ዕዳ የማይተነትን ሰው የለም። ሚሊዮንን ከቢሊዮን ለይቶ የሚተነትን ግን አልገጠመኝም። ታኅሣሥ 2016 ላይ ኢትዮጵያ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ስትቀር፣ አጠገቤ የነበሩ አንድ የተማሩ ጋሼ «33 ቢሊዮን አቃታት!» ብለው ጠረጴዛውን ደበደቡት። አገሪቱ ለዓለም ሁሉ ያለባት የውጭ ዕዳ እንኳ ያኔ ወደ 28 ቢሊዮን ዶላር ነበር። «ሚሊዮን ነው ጋሼ» ብላቸው፣ «አንተ ደግሞ! ያው ነው» አሉኝ።

ያው ነው! ምን ዓይነት ልግስና ነው! ሦስት ዜሮ በአንድ ቃል ይቅር የሚል ሕዝብ የት ይገኛል? እንዲህ ያለ ቸርነት ሻይ ቤት ብቻ መቅረት የለበትም፤ ከነገ ጀምሮ በእህል ገበያችንም ይሠራበት።

ገበሬው አንድ ኩንታል ገብስ ይዞ ይመጣል። ነጋዴው «5 ሺህ ብር» ብሎ ይስማማና 5 ብር ይቆጥርለታል። «ምንድነው ይሄ?» ሲባል «ያው ነው» ይላል። ገበሬውም ጨዋ ነው፤ ማዳበሪያውን ፈትቶ 100 ግራም ዘግኖ ይሰጠውና «አንድ ኩንታል፣ ይኸው» ብሎ ይመርቀዋል። ተከባብረው ይለያያሉ። ነጋዴው እንዲህ እያለ 50 ኩንታል ያጠራቅምና አይሱዙ ይከራያል። ጫኝና አውራጆቹ ፌስታሏን ለስምንት ተሸክመው የ50 ኩንታል ሒሳብ ይቀበላሉ። ሾፌሩ ጭነቱ እንዳይወድቅበት ሸራ አልብሶ፣ በገመድ አስሮ፣ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። አሰላ ብቅል ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃው ፌስታሏን ገልጦ «ምሳህ ነው?» ይለዋል። «50 ኩንታል ነው፣ ቆጥረህ ተረከብ!» ብቅሉ ይበቅላል፣ ቢራው ይጠመቃል፣ አገር ምድሩ ከአንዲት በርሜል እየተቃመሰ ይሰክራል። ሁሉም ደስተኛ ነው፤ ግብር ሰብሳቢው እስኪመጣ ድረስ። እሱ ሲመጣ ዜሮዎቹ በሙሉ ተሰልፈው ይመለሳሉ።

ሌላም በረከት አለው። ጭላሎ ተራራ ቁመቱ 4 ሜትር ይሆናል፤ ልጆች ከትምህርት መልስ ይወጡታል። ከአሰላ አዲስ አበባ 175 ሜትር ስለሚሆን መናኸሪያ ወረፋ ቀረ።

የዕዳ ሒሳብም ይቀላል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በወር ውስጥ 100 አለፈ። ያ 28 ቢሊዮን ዶላር በ57 ሲሰላ 1.6 ትሪሊዮን ብር ነው፤ በ100 ሲሰላ 2.8 ትሪሊዮን። አንድ ዶላር ሳንበደር 1.2 ትሪሊዮን ብር ዕዳ ጨመርን። እኛ ሰፈር ግን የዚያ ክረምት ትልቁ ጭቅጭቅ የባጃጅ ታሪፍ ነበር። ተገቢ ነው፤ የባጃጁ ዜሮ ይቆጠራላ።

አሁን ቀልዱ ይብቃኝ። ያው አይደለም።

ያ 33 ሚሊዮን በ2007 በ6.625 በመቶ ወለድ የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የስድስት ወር ወለድ ነው። መንግሥት ያልከፈልኩት አበዳሪዎቼን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ነው ብሏል። መልሱ አሳማኝ ነው አይደለም ብሎ መሟገት የሚችለው ገንዘቡ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። 33 ቢሊዮን ዶላር አልከፈለም የተባለን ማን ይጠይቀዋል? «ከየት ያምጣ!» ብሎ ያዝንለታል እንጂ። 33 ሚሊዮን አልከፈለም ሲባል ግን «እንዴት? ለምን?» ይመጣል። ጋሼ ጠረጴዛ እየደበደቡ የተቆጡ ይመስላቸዋል፤ ሦስት ዜሮ ጨምረው ጥያቄውን ራሳቸው ቀበሩት። ባለሥልጣን ሆኜ ቢሆን ሻያቸውን እከፍልላቸው ነበር።

የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ስልካችሁ ላይ ማስያ አለ፤ ለ130 ሚሊዮን ሕዝብ አካፍሉት። ለእያንዳንዳችን፣ ትናንት ለተወለደውም ጭምር፣ ወደ 15 ሺህ ብር ይደርሳል። 15 ሺህ ብር አስቀምጥልኝ ብሎ ለጎረቤቱ የሰጠ ሰው፣ ሲጠይቅ 15 ብር ቢመለስለት «ያው ነው» አይልም፤ ሽማግሌ ይሰበስባል።