ከተነሳ በቃ

አርባ ዓመት ያለፈው ቶዮታ ኤፍጄ 40 ከጓሮ ወጥቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ጎማው ወፍሮ በየመንገዱ ሲያልፍ ደስ ይላል። ሆዱ ውስጥ ግን ሌላ ነፍስ አለ። ቤንዚን የሚጨርሰው 2ኤፍ ሞተር ወርዶ ናፍጣው 1ኤችዜድ ገብቶለታል። «የማይሞት ሞተር» ይሉታል። የማይሞትን መመርመር ደግሞ መዳፈር ነው።

የኛ ምርመራ ቀልጣፋ ነው። ሶማሌ ተራ መሬት ላይ የተቀመጠው ሞተር ከባትሪ ጋር ይገናኝና ይነሳል። ገዢው ጆሮውን ያስጠጋል፤ ሻጩ «ስማው!» ይላል፤ ይሰማል፤ አለቀ። ስድስቱን ሲሊንደር አንድ በአንድ በኮምፕሬሽን መለኪያ መለካት? የሰውን መሐላ መጠራጠር ነውና ነውር ነው።

የታይሚንግ ቺንጋውን ነገር ግን ሳላደንቅ አላልፍም። ሞተሩ በቀድሞ መኪናው ላይ ሳለ፣ ቺንጋው የሚቀየርበት ጊዜ ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራለት ነበር። ኤፍጄ 40 እንዲህ ያለ መብራት የለውም። መብራት ከሌለ ደግሞ ጊዜው አይደርስም! ሞተሩ ስንት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚያውቅ የለም፤ ቺንጋው ሲበጠስ ግን ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ፣ ያኔ ሁሉም ያውቃል። ሞተሩ ገና መሬት ላይ ሳለ፣ ፊቱ ወለል ብሎ እያለ፣ ቺንጋውን ከነመወጠሪያው ለመቀየር ግማሽ ቀን አይፈጅም። ግማሽ ቀን ግን ለቀለም ቤት ቀጠሮ ያስፈልጋል።

ፍሬኑም ለጤና ነው። ቤንዚኑ ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው ቫኪዩም ፔዳሉን ያቀልለት ነበር። ናፍጣው አየር የሚገባው በተከፈተ ጉሮሮ ስለሆነ ይህን አያደርግም፤ ቫኪዩም የሚሠራለት ፓምፕ ይሻል። ፓምፑ ሲገዛ ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ ቱቦው ካልተያያዘ፣ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ከእንጦጦ እየወረዱ ጭን ማጠንከር፣ የጂም ክፍያ የሌለበት ስፖርት!

ሰልባትዮውስ? አርባ ዓመት ቤንዚን ሲጠጣ የኖረ፣ ውስጡ ዝገት የሞላ። ይታጠብ? ውኃ የሚለይ ፊልትሮ ይገጠም? ኧረ ለምን! የናፍጣ ፖምፓው ከጸጉር የቀጠነ ክፍተት ያላቸው ዕቃዎች የተሰገሰጉበት ስስ መሣሪያ ነው፤ ዝገቱን ራሱ ያጣራዋል፣ አንድ ጊዜ።

ራዲያተሩ፣ ፍሪሲዮኑ፣ የፊት ባሌስትራው የነበሩት ናቸው። የሚጨስ ከሆነም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና አየሩ ስስ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ለዚያ ከፍታ ፖምፓውን ማስተካከል ግን «ጉልበት ይቀንስብኛል» ያስብላል። የሊብሬው ነገር ደግሞ አይነሳ፦ እዚያ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ዛሬም የሟቹ ቤንዚን ሞተር ነው።

እናም አንድ ቅዳሜ ባለቤቱ ከደጀን በታች፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ልጆቹ ከጥላ ሥር፣ አዲሱ ቀለም ከፀሐይ ሥር ያብረቀርቃል። መካኒኩ ጋር ደወለ። ድምፁን፣ ሽታውን፣ የፈሰሰውን ዘይት ሁሉ አስረዳው። ከወዲያ በኩል ትንሽ ዝም ተባለና አንድ ጥያቄ ብቻ መጣ፦

«ይነሳል?»