የአጥፍቶ ማብራት ሥርዓት መወሰኛ የፌዝ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በግ በሞላበት በመንዝ ደበሎ አይጠፋም፤ የሚጠፋው አዋጁን የሚያደርስ ኔትወርክ ነው።

የመንዝ፣ የጊሼና የመርሐቤቴ ደጋ ሰው ብርዱን ለመከላከል ቤቱን በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የሚሠራ በመሆኑ፤ ይኸው ግድግዳ ብርዱን ከደጅ እንደሚያስቀር ሁሉ የዋይፋዩንም ሞገድ ከሳሎን ወደ ጓዳ እንዳያልፍ የሚከለክል በመሆኑ፤ ኢንተርኔቱን በመብራቱ ገመድ ላይ አሳፍሮ ከሶኬት ወደ ሶኬት የሚያሻግር ፓወርላይን የሚባል ጥንድ መሣሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ሁነኛ መላ በመሆኑ፤ ይሁን እንጂ ግንኙነቱ በተንቀራፈፈ ቁጥር ለደንበኛው የሚሰጠው መልስ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆኖ በመቅረቱ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ ሊናገረው እንደሚችል መወሰን በማስፈለጉ፤ ማንም ሥልጣን ባልሰጠው አካል የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ «የአጥፍቶ ማብራት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር አልተሰጠውም፤ ለጊዜው ሲስተም የለም።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ። «ደንበኛ» ማለት በየወሩ የሚከፍል ነው። «አገልግሎት ሰጪ» ማለት በየወሩ የሚቀበል ነው።

አንቀጽ 3። የተፈጻሚነት ወሰን። አዋጁ በማማ ምድር፣ በላሎ ምድርና በጌራ ምድር፣ እንዲሁም ከራቤል እስከ ዓለም ከተማ ይጸናል። የጀማና የወንጭት ገደል አያግደውም።

አንቀጽ 4። አጥፍቶ ስለ ማብራት። (1) ማንኛውም ጥሪ ተቀባይ ደንበኛው ፍጥነቱን የት ላይ እንደ ለካ ሳይጠይቅ «አጥፍተው ያብሩት» ማለት አይችልም። ኢንተርኔቱ ጓዳ እስኪደርስ ቢያንስ ሁለት መንገድ ይሄዳል፤ አንዱ ከውጭ እስከ ራውተሩ ያለው ነው፣ ሌላው ከራውተሩ ተነሥቶ ግድግዳው ውስጥ በተቀበረው የመብራት ገመድ የሚያልፈው ነው። የታመመውን ለመለየት ሦስት ልኬት ይበቃል። መጀመሪያ ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አያይዞ መለካት፤ ቀጥሎ ሁለቱን ፓወርላይን አንድ ክፍል ውስጥ በተቀራረቡ የግድግዳ ሶኬቶች ላይ ሰክቶ መለካት፤ ከዚያ ሁለተኛውን ወደሚፈለግበት ክፍል ወስዶ መለካት። የመጀመሪያው ቁጥር ከወረደ ጥፋቱ ራውተሩ ወይም ከቤት ውጭ ያለው መስመር ነው፤ ደንበኛው የጓዳውን ሶኬት ሲነቅልና ሲሰካ ቢያድር ምንም አይለወጥም። የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሁለተኛው ከወረደ ጥንዶቹ መሣሪያዎች ይመረመራሉ። ሦስተኛው ብቻ ከወረደ ተጠያቂው የቤቱ ዝርጋታ ወይም በላዩ ላይ የተሰካው ዕቃ ነው። የ«አጥፍተው ያብሩት» ትእዛዝ ግን ለሦስቱም ጥፋቶች አንድ ዓይነት ስለሆነ ከሦስቱ አንዱንም ለይቶ አያሳይም።

(2) ከላይ የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ የሚከተሉት ደንበኞች ከማጥፋት ግዴታ ነፃ ናቸው። ሀ. መብራት የጠፋበት፤ የጠፋን ማጥፋት ስለማይቻል። ለ. በፊደል ተራ ሀ የተጠቀሰው ሆኖ ራውተሩን በባትሪ የሚያሠራ፤ ይህ ሰው ማጥፋት ይችላል፣ ነገር ግን ፓወርላይኑ ያለ መብራት ነፍስ ስለሌለው ማጥፋቱ ለጽድቅ ካልሆነ በቀር አይጠቅመውም። ሐ. በዕለቱ መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ የመጣበት፤ ትእዛዙ ሳይጠየቅ ስለተፈጸመለት። መ. ከአንድ ጊዜ በላይ ሄዶ የመጣበት፤ ትርፉ ይቆጠርለታል፣ እንደ ኢንተርኔት ጥቅልም ጊዜው አልፎ አይቃጠልበትም፣ ሲፈልግ ለጎረቤቱ ያበድራል። ሠ. ጥሪ ተቀባዩ «ያጥፉት» እያለው መብራቱ በራሱ ጊዜ የሄደበት፤ ይህ ሰው እንደ ታዛዥ ደንበኛ ተመዝግቦ ምስጋና ይደርሰዋል። ረ. ሦስት ፌዝ በገባበት ግቢ (ይህ አዋጅ አራተኛው ነው) አንዱ ፌዝ ብቻ የሄደበት፤ ሳሎኑ ነፃ ሲሆን ጓዳው ግዴታ አለበት። ሰ. መብራት ሲመጣ ኃይሉ እስኪረጋጋ ዕቃውን ሁሉ ነቅሎ የሚጠብቅ ጠንቃቃ፤ በማጥፋት ላይ ስለሆነ እንዲያበራ አይቸኮልበት። በሀ፣ በሐና በመ የተጠቀሱት ሲደመሩ በደጋው ውስጥ ግዴታው የሚመለከተው ደንበኛ ከተገኘ ስሙ ለምርምር ይላካል።

(3) «አጥፍቶ ማብራት እኮ ብዙ ጊዜ ይሠራል» የሚል መቃወሚያ ይነሣል። እውነት ነው፣ አዋጁም አይክደውም። ራውተር ሲጠፋና ሲበራ የተጨናነቀ ማኅደረ ትውስታው ይጸዳል፤ ፓወርላይን ሲነቀልና ሲሰካ የገመዱን ሁኔታ እንደ አዲስ ለክቶ በየትኛው የሞገድ ክልል ምን ያህል መረጃ መጫን እንደሚችል ይወስናል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት የተሻለው ግንኙነት ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ከወደቀ፣ መሻሻሉ ራሱ በሽታው አለመነካቱን የሚመሰክር ነው። በየማታው የሚሰጥ መድኃኒት በየማታው የሚመለስ ሕመም እንዳለ ያረጋግጣል እንጂ መዳንን አያረጋግጥም። ከዚህም ሌላ ማጥፋትና ማብራት በራሱ ፈውስ ቢሆን ኖሮ፣ መብራት በየጊዜው ይህን አገልግሎት በነፃ የሚሰጠው የደጋ ቤት ከዓለም ፈጣኑ ኢንተርኔት ይኖረው ነበር። ከሴኡልም ሰዎች ለትምህርት ወደ መንዟ መሐል ሜዳ ይመጡ ነበር።

(4) ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ክብደት አለው፦ «ፓወርላይኑን የገዛው ደንበኛው፣ ገመዱን የዘረጋው የደንበኛው ኤሌክትሪሺያን፣ አገልግሎት ሰጪው ምን አገባው?» አዋጁ በዚህ ላይ ደንበኛውን አያባብልም። ፓወርላይን መረጃውን የሚያሳፍረው 220 ቮልት ተሸክሞ በሰከንድ 50 ጊዜ በሚወዛወዝ ገመድ ላይ፣ በጥቅሉ ከ2 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ አዳዲሶቹ ከዚያም ከፍ ይላሉ። ይህ ገመድ ለመረጃ ተብሎ አልተሠራም። ርካሽ የስልክ ቻርጀርና አንዳንድ ቆጣቢ አምፖል በዚያው ክልል ውስጥ ይንጫጫሉ። ቴሌቪዥኑን የሚጠብቀው ስታብላይዘርና መብረቅ ይከላከላል የተባለው ማከፋፈያ ፓወርላይኑ በእነሱ በኩል ከተሰካ መልእክቱን እንደ ቆሻሻ አጣርተው ያስቀሩታል፤ ስለዚህ መሣሪያው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ። የእንጀራ ምጣድ በየቤቱ ይታማል፣ ነገር ግን ምጣድ በአብዛኛው ንጹሕ ነው፤ ብዙ ኃይል ሲስብ የሚያጋልጠው በሶኬቱ ውስጥ የላላውን ብሎን ነው፣ ብልጭታውና ረብሻው የሚመጣውም ከዚያ ነው። (ይህ ለኢንተርኔት ብቻ የሚያሰጋ ጉዳይ አይደለም፤ ቤትም ያቃጥላል።) በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 1200 ሜጋ ቢትም ቢሆን ገመዱ በላብራቶሪ ሊሸከመው የሚችለው ጣሪያ እንጂ ላፕቶፑ ላይ የሚደርስ አይደለም፤ የመሣሪያው የኔትወርክ ቀዳዳ ባለ 100 ሜጋ ቢት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያበቃል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የሆምፕለግ የፓወርላይን ስታንዳርድ 14 ሜጋ ቢት ይል ነበር፤ እሱም ቢሆን የገመዱ እንጂ የላፕቶፑ ቁጥር አልነበረም፤ ካርቶን ላይ መዋሸት የቆየ ሥልጣኔ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከደንበኛው ቤት ሊሆን ይችላል። አዋጁ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ጥፋተኛው ደንበኛው ከሆነም በልኬት ይፈረድበት። የመጀመሪያውን ቁጥር መጠየቅ አገልግሎት ሰጪውን ነፃ ሊያወጣው ይችላል። ነፃ ሊያወጣው የሚችለውን ጥያቄ የማይጠይቅ ተከራካሪ መልሱን የሚፈራ ነው።

(5) የዓረፍተ ነገሩ እውነተኛ ሥራ እዚህ ላይ ይታያል። «አጥፍተው ያብሩት» ማስረጃ የማቅረብ ሸክምን ከሚቀበለው ትከሻ አንሥቶ በሚከፍለው ትከሻ ላይ ይጭናል። ደንበኛው ያጠፋል፣ ያበራል፣ ግንኙነቱ ለአንድ አፍታ ይነቃል፣ መዝገቡ «ተፈትቷል» ተብሎ ይዘጋል። በማግስቱ ሲደውል አዲስ ጉዳይ ነው። አሥር ጊዜ የተፈታ ችግር በመዝገብ ላይ አሥር ስኬት ሆኖ ይነበባል። ይህን የሚያደርገው ስልኩን ያነሣው ልጅ አይደለም፤ እሱ የተሰጠውን ወረቀት ነው የሚያነበው፣ ጥሪውን ቶሎ ካልዘጋም ተቆጪ አለበት። ወረቀቱን የጻፈው ግን አለ። እሱ ስልክ አያነሣም።

(6) ማጥፋቱን ለእኛ ማስተማር ባልተገባ ነበር። በግንቦት 2009 መጨረሻ ኢንተርኔቱ ለፈተና ተብሎ ጠፋ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ስልኩም፣ ባንኩም፣ መብራቱም አብሮ ጠፋ። ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ብዙ ወራት ቆየ፣ መንዝም መርሐቤቴም በዚያ ውስጥ ነበሩ። ያኔ አጥፉት ብሎ ያዘዘ አካል አብሩት የሚለውን ሁለተኛ ግማሽ ረሳው። ደንበኛው ሲያጠፋ ግን ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ እንዲያበራ ይታዘዛል። ልጁ ከውጭ የላከለትን ገንዘብ ለማየት የሚጠብቅ አባት፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባዋን የምትጠብቅ ተማሪ፣ የትኛውን ቁልፍ ይጫኑ? የትኛው ሶኬት ነው? እዚህ ላይ የአዋጅ ቋንቋ አይበቃም፤ ነገሩ አናዳጅ ነው፣ ያሳፍራልም።

(7) «ለጸጥታ ሲባል መዝጋት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ» ለሚል ሦስተኛ መቃወሚያ መልሱ ከመንዝ ከራሷ ይገኛል። በጌራ ምድር የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በማኅበረሰቡ ሕግ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ሣሩ እንዲያገግም ምድሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ለሁሉም ይዘጋ ነበር፤ የሚዘጉትና የሚከፍቱት በሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ነበሩ፣ የመክፈቻው ቀንም በይፋ ይነገር ነበር። ሥርዓቱ በ1967 የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ በኋላ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያው ናቸው። መዝጋት እንዲህ ነው። ምክንያት አለው፣ ጊዜ አለው፣ የዘጋው ሰው ስም አለው፣ ሲከፈትም ባለመብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይገባል። ለሣር የተደረገው ጥንቃቄ ለኢንተርኔት በዛበት የሚል ካለ በጽሑፍ ያቅርብ።

አንቀጽ 5። ስለ ክፍያ። እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

አንቀጽ 6። ስለ ቅጣት። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባትን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ደነገገ። ሳይለካ «አጥፉት» የሚል ወረቀት የጻፈ ኃላፊ ግን በዚህ አዋጅ የሚቀጣው ቀለል ባለ መንገድ ነው፦ የራሱን ጥሪ ማዕከል ደውሎ ይጠብቅ።

አንቀጽ 7። ስለ ተሻሩ ሕጎች። የለም።

አንቀጽ 8። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። በነጋሪት ጋዜጣ ስለማይወጣ ካነበቡት ጊዜ ጀምሮ የጸና ይሆናል። አንባቢ ሆይ፣ ከመደወልህ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው በወረቀት ላይ ጻፍ፤ ስልኩ እንደተነሣም የመጀመሪያውን አስቀድመህ አንብብ። አንተም ጥሪ ተቀባይ፣ እስክሪብቶህን አንሣና መዝግበው።