ጾመኛ ነኝ ብሎ ማምለጥ የለም

በረመዳን፣ ወደ ማታ፣ ሱዳን ውስጥ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ሰዓቱን ቤቱ አስቀምጦ ይውጣ። ከካርቱም በመደኒ በኩል ገዳሪፍ በሚያደርሰው አስፋልት ላይ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ጀለቢያ የለበሱ ሰዎች ከየመንደሩ ወጥተው መንገድ ይዘጋሉ። ጥምጥማቸውን ፈትተው አስፋልቱ ላይ እንደ ገመድ ይወጥሩታል። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ሽፍታ መጣ ብሎ ቦርሳውን ያቅፋል። እነሱ የሚሉት ግን ውረዱ፣ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ አብራችሁን አፍጥሩ ነው። ሾፌሩ ደግሞ እንቢ አይልም፤ ሞተር አጥፍቶ ከሁሉም ቀድሞ ይወርዳል።

በ2015 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ነበር። ማኅበራችን ገዳሪፍ ላይ ስብሰባ ጠርቷል። አጀንዳው ለሰሊጥ ሥራ በመተማ ተሻግረው፣ ታመው ለቀሩ የአገራችን ልጆች እንዴት ጊዜ እንስጥ የሚል ነው። እንግዳ ስለመቀበል ልወያይ እየተጣደፍኩ፣ እንግዳ ተቀባዮች መንገድ ላይ አስቀሩኝ! በተሰባበረ ዐረብኛዬ «ጾመኛ ነኝ» ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ። የአንዱ ሽማግሌ ፊት በራ። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጀምበሯ ገባች፣ ብላ!» ሥጋ አልበላም፣ ወተት አልቀምስም፣ ጾማችን ሃምሳ አምስት ቀን ነው ብዬ ስዘረዝርላቸው ከልባቸው አዘኑልኝ። በሰሊጥ ዘይት የራሰውን ፉል ወደ እኔ አስጠጉና ሌላ እጅ እንዳይገባበት በክንዳቸው ከለሉት። እኔ ስጎርስ ማኅበሩ «ያለ በቂ ምክንያት የቀሩ» በሚለው ሥር ስሜን በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ተበትኗል።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ካህን ነገር አልለቀኝም። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ፣ ወንበዴ ደብድቦ የጣለውን ሰው አይቶ ገለል ብሎ ያለፈው ካህን ማለቴ ነው። ለአገልግሎት ቸኩሎ ነው እያልን ስናዝንለት ኖረናል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ካህኑ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ እየወረደ ነበር። ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ፣ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች ናት። ወደ ታች የሚወርድ ካህን አገልግሎቱን ጨርሷል ማለት ነው። ቅዳሴው ካለቀ ምን አጣደፈው? እራት?

ቆሞ የረዳው ሳምራዊስ ስንት ሰዓት ከሰረ? ቁስል ማጠብና ማሰር፣ ሰው የሚያህል ሸክም አህያ ላይ ማውጣት፣ ከዚያ ራሱ በእግሩ። መንገዱ በሙሉ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ቀን እንበል። ሌሊት አስታመመ። ሲነጋ ሁለት ዲናር፣ የቀን ሠራተኛ የሁለት ቀን ደመወዝ መሆኑ ነው፣ ከፍሎ ወደ ጉዳዩ ሄደ። አዎ፣ ጉዳይ ነበረው! የጎደለውን ስመለስ እከፍላለሁ ማለቱ እንደሚመለስ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ደግሞ የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ላይ ማን ሰብኮ ያውቃል? በማያውቀው ሰው ቃል፣ የማያውቀውን ሰው፣ በዱቤ ያስታመመ እሱ ነው። ባለ ሆቴል ስለሆነ ይሆን?

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ1977 ረሃብ ያፈናቀላቸው ወገኖቻችን ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ ተጠልለዋል። በ2013 ከ60 ሺህ በላይ ሰው የትግራዩን ጦርነት ሸሽቶ ምሥራቅ ሱዳን ሲገባ፣ ሐምዳይት ላይ የመንደሩ ሰው ከራሱ ድስት አካፍሏል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ በቀዳም ስዑር፣ ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተና ተራው የሱዳኖቹ ሆነ። መተማ ገቡ፤ ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በዓመቱ፣ ሚያዝያ 2016 ላይ፣ ዝርፊያና እገታ ያማረራቸው ስደተኞች አውላላን ጥለው በእግራቸው ወጡ። መንገድ ዘግቶ ያበላን ሕዝብ እኛ አገር መንገድ ተዘግቶበት ተዘረፈ! ሽፍቶች ናቸው እንጂ እኛ ምን አደረግን ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ካህኑም ወንበዴ አልነበረም፤ ማለፍ ብቻ ነው ያደረገው። ለሠርግ ሦስት ቀን የማናጣ ሰዎች፣ አንገታችን ላይ ማተብ አስረን፣ ለተሰደደ ሰው ሲሆን «ጊዜ ቢኖረኝ» እንላለን። ከማን ነው የምንበደረው ይሄን ጊዜ?

ደግሞ ሁሉም እንዲያ አይደለም። መተማ ላይ ቡና የምታፈላ አንዲት ሴት አለች፤ ከድንበሩ ማዶ ለመጣ ሰው የመጀመሪያውን ስኒ አታስከፍልም። ጠቧ ከዝንጅብሉ ጋር ነው። ብዙ ሱዳኖች ቡናቸውን ያለ ዝንጅብል አይጠጡም። «ቡና ነው ሾርባ?» እያለች ትወቅጥላቸዋለች። መጀመሪያ በየስኒው ቆንጠር ታደርግ ነበር፤ አሁን ጀበናው ውስጥ ትጨምረዋለች፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ያጉረመርማል። ሁለት ጀበና እንዳትጥድ ከሰሉ ተወዷል። ምን ላድርግ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ጊዜ ሳገኝ አስብበታለሁ ብያታለሁ።